የኢሉባቦርን ማርና ጠጅ በጣዕሙ ስለ መለየት



በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ባለፉት ሳምንታት ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ንጽሕና ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ግን በየቤታችን ዘወትር ስለሚገኝ፥ ዳሩ ግን አጥብቀው የሚመረምሩት ሰዎች ጥቂቶች ስለ ሆኑ ነገር ልንጽፍ አሰብን፤ እርሱም የማርና የጠጅ ጣዕም ነው። ምሳሌውንም የምንወስደው ከመቱና ከቀሩት የኢሉባቦር ከተሞች ነው፤ በዚያ አገር ማር አንድ ስም ብቻ ያለው ነገር ሳይሆን፥ እንደ አበባውና እንደ ወራቱ ስሙም መልኩም ጣዕሙም የሚለያይ ሀብት ነውና።

አንድ የቤት አባት ልጁን ለመዳር ባሰበ ጊዜ፥ በሬውን ጥርሱን ገልጦ፥ ሻኛውን ዳብሶ ይገዛል፤ ጤፉንም በመዳፉ ዘግኖ ከአሸዋ የጠራ መሆኑን ይመለከታል። የቤት እመቤቲቱም ቅቤውን አሽትታ፥ በርበሬውን በጣቷ ፈትጋ አይታ ታስመዝናለች። ወደ ማሩ የደረሱ እንደ ሆነ ግን ሁለቱም የሚጠይቁት፥ «ኪሎው ስንት ነው?» የሚለውን ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ሌላውን ሁሉ መርምሮ የገዛ ቤት በእንግዶቹ ፊት በጠጁ ያፍራል። ይህም የሚሆነው ብዙ ጊዜ የጠጅ ጣዩ ሙያ ጎድሎ ሳይሆን፥ ማሩ ለተፈለገው ጠጅ የማይስማማ፥ ወይም ከብዙ ዓይነት የተደባለቀ፥ ወይም ስኳር የገባበት ሆኖ ነው።

በሌላው ዓለም መጠጥን በጣዕሙ መለየት እንደ ትልቅ ዕውቀት ይቆጠራል። ለዚህም ስኮትላንድ የምትባለው አገር ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች። የስኮትላንድ ሰዎች እንደ እኛ አረቄ አንጥረው የሚያወጡት፥ ዊስኪ የሚባል መጠጥ አላቸው፤ መጠጡም ከተነጠረ በኋላ በኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ ቢያንስ 3 ዓመት ካልተቀመጠ፥ በሕጋቸው የስኮትላንድ ዊስኪ ተብሎ ሊሸጥ አይችልም። ከዚህም ውስጥ «ሲንግል ሞልት» የሚሉት፥ ሌላ እህል ሳይጨመርበት ከገብስ ብቅል ብቻ፥ በአንድ ማንጠሪያ ቤት የተሠራውን ነው። አይላ ከምትባለው ደሴት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ጢስ ጢስ ይላል፤ ምክንያቱም ብቅሉ የሚደርቀው ከረግረግ ተቆርጦ እንደ ማገዶ በሚነድ ፒት በሚሉት አፈር ጢስ ስለ ሆነ ነው። በስፔይ ወንዝ አካባቢ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ደግሞ ለስላሶችና የፍሬ ሽታ ያላቸው ናቸው። ዐዋቂዎቹም መጠጡን አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ቀድተው፥ መልኩን አይተው፥ ሽታውን አሽትተው፥ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርገውበት፥ ከዚያ በኋላ በጥቂቱ ተጎንጭተው ይፈርዳሉ።

ይህንን መጥቀሳችን የባዕድ አገር መጠጥ ከራሳችን ይበልጣል ለማለት አይደለም። ነገሩን አስተውሎ ለተመለከተው ሰው የእኛም ሥርዓት ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ብርሌያችንም አንገቱ ጠባብ ነው፤ ጋናችንም በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ ማራችንም የታወቀ አገርና የታወቀ አበባ አለው። የጎደለን ነገር ቢኖር፥ ይህን የምናውቀውን በየስሙ ጠርተን፥ ለይተን፥ ጽፈን የመያዝ ልማድ ነው።

ስለ አገሩ

መቱ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ዛሬም የኢሉ አባ ቦር ዞን ዋና ከተማ እርሷ ናት። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኘው ጎሬ ደግሞ በቀድሞው ዘመን የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች፤ በ1903 ዓ.ም. ያረፉት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውም ኢሉባቦርን ሲያስተዳድሩ የነበሩ ናቸው። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፥ የጎሬ ነጋዴዎች ቡናውንና ሰሙን እስከዚያ እያወረዱ፥ ውሃው በሚሞላበት ወራት በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይልኩት ነበር። በዚህም ሰሙ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ፥ ማሩ ግን በአገር ቀርቶ ጠጅ ሆኖ ይጠጣ ነበር።

ከመቱ ተነሥቶ በሁሩሙ በኩል ወደ በደሌ የሚጓዝ ሰው የያዩን ደን ያገኛል። ይህ ደን ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በገዛ ራሱ የሚበቅልበት ስለ ሆነ፥ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። በዚህ ደንና በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ቀፎአቸውን፥ በኦሮምኛ ጋጉራ የሚሉትን፥ ከረጅም ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅላሉ፤ ማሩ በደረሰ ጊዜም በገመድ ወጥተው፥ ብዙውን ጊዜ በሌሊት፥ ንቡን በጢስ እያበረዱ ይቆርጡታል። በብርሌ ቀርቦልን «ጣመ» ወይም «አልጣመም» ብለን በአንድ ቃል የምንፈርድበት ጠጅ መነሻው ይህን ያህል ድካምና አደጋ ያለበት መሆኑን ማሰብ ይገባል።

ስለ ማሩ ዓይነቶች

በኢሉባቦርና በአጎራባቹ የደን አገር ሕዝቡ ለይቶ ከሚያውቃቸው ማሮች መካከል አራቱን እንጠቅሳለን።

1ኛ፤ የግራዋ ማር ነው። ግራዋ፥ በኦሮምኛ እቢቻ የሚባለው፥ በበጋ ያብባል፤ ማሩም በጥርና በየካቲት ይቆረጣል። መልኩ ጠቆር ያለ፥ ሽታው የበረታ ነው፤ በምላስ ላይ ባረፈ ጊዜ መጀመሪያ ይጣፍጣል፥ በመጨረሻው ግን ጥቂት ምሬት ይተዋል። ስለዚህም ብዙ ሽማግሌዎች ከመብል ይልቅ ለመድኃኒት ይፈልጉታል።

2ኛ፤ የቡና አበባ ማር ነው። ቡና የበልግ ዝናብ በነካው ጊዜ፥ ብዙውን ጊዜ በየካቲትና በመጋቢት፥ በአንድነት ነጭ ሆኖ ያብብና በጥቂት ቀን ይረግፋል። ወራቱ አጭር ስለ ሆነ ለብቻው ተለይቶ የሚገኘው በጥቂቱ ነው። መልኩ ፈካ ያለ፥ ሽታው መልካም ነው። በገበያ «የቡና ማር ነው» የሚል ሻጭ ባገኛችሁ ጊዜ፥ ከወዴት ቀበሌና በስንተኛው ወር እንደ ተቆረጠ ጠይቁት፤ በእውነት የሚያውቅ ሰው ሳያመነታ ይመልሳል።

3ኛ፤ የጌተም ማር ነው። ጌተም፥ በኦሮምኛ ገተማ የሚባለው፥ የደጋና የወይና ደጋ ደን ትልቅ ዛፍ ነው፤ ብዙ ጊዜም በሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ ሥሩን ወደ ምድር እየሰደደ ያድጋል። በሚያዝያ ገደማ ያብባል፤ ማሩም በግንቦትና በሰኔ ይቆረጣል። ይህ ማር ሲረጋ እንደ ቅቤ ይነጣል፤ ቅንጣቱ የላመ ነው፤ ጣዕሙም ለስላሳና ገር ነው። ነጭ ማር ብለው የሚያከብሩት፥ በብዙ ገበያም ከጥቁሩ የሚበልጥ ዋጋ የሚያወጣው ይህ ነው።

4ኛ፤ የብሳና ማር ነው። ብሳና፥ በኦሮምኛ መካኒሳ የሚባለው፥ በክረምቱ መግቢያ ያብባል። ማሩ ወደ ቀይ ዳማ የሚያደላ ሆኖ፥ ከጌተም ይልቅ የበረታ፥ ከግራዋ ይልቅ የለዘበ ነው።

ንብ በአንድ አበባ ላይ ብቻ ስለማትውል፥ «የጌተም ማር» ማለት አብዛኛው ከጌተም የመጣ ማለት ነው እንጂ ሌላ አበባ ፈጽሞ አልነካውም ማለት አይደለም። የዘመኑ ሊቃውንት በማጉያ መነጽር የአበባውን ብናኝ ቆጥረው፥ ከመቶው 45 እጅ ያህሉ ከአንድ አበባ የመጣ ከሆነ፥ ብዙውን ጊዜ ማሩን በዚያ አበባ ስም ይጠሩታል። የአገራችን ገበሬ ግን ይህን መነጽር ሳይዝ፥ የዛፉን ማበብና የወሩን መግባት እያየ ሲለየው ኖሯል። ራይንሃርድ ፊሽትልና አድማሱ አዲ የተባሉ ዐዋቂዎች በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ኢትዮጵያ የንብ ዕፀዋት ያሳተሙት መጽሐፍ፥ ንቦቻችን ምን ያህል ብዙ ዓይነት አበባ እንደሚቀስሙ ለሚጠራጠር ሁሉ ማስረጃ ነው።

ማር እንዴት ይቀመሳል

ማር ለመቅመስ የሚሻለው ሰዓት ጧት ነው፤ ሽንኩርት ሳይቁላላ፥ ቡና ሳይቆላ፥ ዕጣን ሳይጤስ። ቀማሹም ሽቶ አይቀባ። ሦስት ወይም አራት ዓይነት ማር በነጭ ሳሕን ላይ ለየብቻው በማንኪያ ይቀመጥ፤ ከፈካው ተጀምሮ ወደ ጠቆረው ይኬድ፤ የግራዋው የቀደመ እንደ ሆነ ምሬቱ የጌተሙን ገርነት ይሸፍነዋልና። በየመካከሉም አፍን በለብታ ውሃ መጉመጥመጥ ይገባል።

በመጀመሪያ መልኩንና ቅንጣቱን ተመልከቱ። ከዚያም ጥቂት ማር በመዳፋችሁ አሙቃችሁ አሽትቱ፤ አበባ፥ ጢስ፥ ሰም ወይስ እርሾ ይሸታል? ከዚህ በኋላ በምላሳችሁ ላይ አሳርፉት፤ አትቸኩሉም፤ ጣፋጭነቱ ካለፈ በኋላ በጉሮሮ የሚቀረውን ጠብቁ። የማሩ ማንነት የሚታወቀው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው፤ ጣፋጭነትማ ስኳርም አለው።

ከዚህ ላይ በብዙ ቤት የሚገኝ አንድ ስሕተት እናርማለን። ማር የረጋ እንደ ሆነ «ስኳር ገብቶበታል» ብለው የሚመልሱ ሰዎች አሉ፤ ይህ ትክክል አይደለም። መርጋት የማር ተፈጥሮ ነው፤ የጌተም ማር ሳይረጋ ከርሞ ቢገኝ ይልቁን መጠየቅ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። እንደዚሁም ማርን በውሃ ላይ በማንጠብጠብ ወይም በክብሪት በማቃጠል ንጹሕነቱን እናውቃለን የሚሉ አሉ፤ እነዚህ ፈተናዎች ቢበዛ የማሩን መቅጠንና መወፈር ያሳዩ እንደ ሆነ ነው እንጂ፥ በብልኀት የተጨመረ ስኳርን አይገልጡም። ያን በእርግጥ የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ለቤት የሚበቃው መከላከያ ግን የታመነ ሻጭን ማወቅ፥ ከተቻለም ማሩን ከነሰፈፉ መግዛት ነው። በውስጡ ያለው ውሃ ከመቶ 20 እጅ የበለጠ ማር በዕቃው ውስጥ ሳለ ሊፈላና ሊኮመጥጥ ይችላልና፥ ቀጭኑን ለረጅም ጊዜ አታስቀምጡ።

ከማር ወደ ጠጅ

ጠጅ፥ በኦሮምኛ ዳዺ የሚሉት፥ በልማድ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይጣላል። ሰፈፉ ከተጠለለ በኋላ በታጠነ ጋን ውስጥ ተከድኖ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይና የጌሾ እንጨት ይገባበታል፤ ጌሾው ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ይወጣል፤ ጠጁም እስኪጠራ ይተዋል። በሞቃት ስፍራ ቶሎ ይደርሳል፥ በብርድ አገር ይዘገያል፤ ስለዚህ በመቱ የተቆጠረው ቀን በጎሬ ከፍታ ላይ አይበቃም። የመቱ ዘመዷን ቀን ቆጥራ የምትከተል የጎሬ ሙሽራ እናት ያልበሰለ ጠጅ ታቀርባለች ማለት ነው።

ጠጅ ጣይ የማሩን ዓይነት ማወቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ የጌተም ማር ጣዕሙ ስስ ስለ ሆነ፥ ጌሾውና ጢሱ የበዛበት እንደ ሆነ ይሸፈንና ነጭ ማር የተገዛበት ገንዘብ በከንቱ ይቀራል። የግራዋ ማር ደግሞ በራሱ ምሬት ስላለው፥ ጌሾው ሲበዛበት ምሬት በምሬት ላይ ይደራረባል። የብሳናው በመካከል ስላለ ለብዙ ሕዝብ ድግስ ይስማማል። እንግዲህ «የትኛው ማር ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም፤ «ለየትኛው ጠጅ? ለየትኞቹ እንግዶች?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ትልቅ ድግስ ያለበት ቤት ከአንድ ወር በላይ አስቀድሞ፥ ከሁለት ወይም ከሦስት ማር ትንንሽ ገንቦ ለፈተና ይጣል። ወጪው ጥቂት ነው፤ በሠርጉ ቀን ከሚመጣው ኀፍረት ግን ያድናል።

ስለ ጠጅ አፈራረድ

ጠጅ በሚፈረድበት ጊዜ ብርሌዎቹ በቍጥር ይታወቁ እንጂ የባለቤቱ ስም አይነገር፤ የጌታው ቤት ጠጅ መሆኑን ያወቀ ሰው ምላሱ እውነቱን አይናገርምና። ቀማሾቹም ሦስት ወይም አምስት ይሁኑ፤ ከመካከላቸውም ጠጅ የመጣል ሙያ ያላት አንዲት እናት ትኑር። እኛ ለየቤቱ ይስማማል ብለን ያሰብነው አቆጣጠር ከ20 ነጥብ ነው።

ለመልኩ 3 ነጥብ። ብርሌውን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ተመልከቱ፤ ጠጁ የጠራ ነው ወይስ የደፈረሰ? ቀለሙ ከማሩ የመጣ ነው ወይስ የተቀባ ይመስላል? የግራዋ ጠጅ እንደ ጌተም ጠጅ ፈክቶ አይታይም፤ ሁሉንም ብጫ ቀለም ያለበሰ ሰው የሚሸሽገው ነገር አለው።

ለሽታው 5 ነጥብ። ከሁሉ አስቀድሞ ማሩ ይሽተት፤ ጌሾውና የወይራው ጢስ እንደ አሽከር ከኋላ ይከተሉት። ሆምጣጤ የሚሸት ጠጅ ጊዜው አልፎበታል፤ ጢሱ ብቻ የሚሸት ደግሞ ጋኑ ከልክ በላይ ታጥኖበታል።

ለጣዕሙ 7 ነጥብ። ጣፋጭነት፥ ምሬት፥ ኮምጣጣነትና ኀይል ተስማምተዋል ወይ? ለስላሳ፥ መካከለኛ፥ ደረቅ ተብሎ የሚለየው በዚህ ነው። ለስላሳው ከደረቁ ጋር አይወዳደር፤ ለስላሳ ከለስላሳ፥ ደረቅ ከደረቅ ጋር ይመዘን። ደረቅ ጠጅ የሚወድ ሰው ለስላሳውን «ውሃ ነው» ማለቱ ስለ ራሱ ምላስ ምስክርነት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

ለሚቀረው ጣዕም 5 ነጥብ። ከዋጣችሁ በኋላ እስከ አሥር ቍጠሩ። የማር ጠጅ መዓዛውን በአፍ ውስጥ ያቈያል፤ ስኳር የበዛበት ብዙ ጊዜ ቶሎ ይጠፋል፥ ጉሮሮንም ባዶ ያደርጋል። ይህም ለመጠርጠር ይበቃል እንጂ ሰውን በሐሰት ለመክሰስ አይበቃም።

ለመቅመስ ሁለት ጉንጭ ይበቃል፤ ስድስት ዓይነት የሚቀምስ ሰው የቀመሰውን ይትፋ። ጠጅ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 7 እስከ 11 እጅ አልኮል ይኖረዋል፤ ከዚያም የሚያንስና የሚበልጥ ይገኛል። ስለዚህ አምስተኛው ብርሌ ላይ የተሰጠ ፍርድ የዳኛው ሳይሆን የጠጁ ፍርድ ነው።

ፍርዱንም ስንናገር ጨዋነት ያስፈልጋል። በእኛ ሥርዓት አሳላፊ ለጌታው ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፤ ይህም የታማኝነት ምልክት ነው። እንግዳም እንደዚሁ ታማኝ ሊሆን ይገባዋል። በአደባባይ «እጅግ ግሩም ነው» ብሎ አወድሶ፥ በመንገድ ላይ የሚያማ እንግዳ ቤቱን ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል። የሚሻለው፥ በማዕድ ላይ መልካሙን መናገር፥ ጉድለቱን ደግሞ ለብቻ፥ «እመቤቴ፥ ማሩ መልካም ነበር፤ ጌሾው ጥቂት ቀድሞ ቢወጣ» ብሎ ማመልከት ነው። በአንድ የመቱ ቤት እንዲህ ያለ ምክር የተቀበሉ እናት፥ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ሽማግሌ አስቀድመው አስጠርተው ጋናቸውን እንዳስቀመሱ አይተናል። አድናቆት ብቻ ተነግሯቸው ቢሆን ኖሮ ግን የሚያርሙት ነገር ባልኖራቸው ነበር።

ስለ ገበያውና ስለ ደኑ

ጣዕምን መለየት የተድላ ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፥ ቀጥሎ ያለውን ይመልከት። በአንድ የገበያ ቀን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሁለት ቅል ማር ይዘው መጡ፤ አንደኛው ነጭ የጌተም ማር፥ ሁለተኛው ጥቁር የግራዋ ማር ነበር። ሁለቱንም ለየብቻ ቆርጠው፥ ለየብቻ ከድነው ነው ያመጡት። ነጋዴው ግን ሁለቱን በአንድ ዋጋ መዝኖ፥ በዓይናቸው ፊት ከአንድ በርሜል ገለበጠው። ሽማግሌውም በርሜሉን ዝም ብለው ተመልክተው፥ «እንግዲያስ ለምን ከዛፍ ጫፍ እወጣለሁ?» አሉ።

ይህ ቃል ለእኛ ለገዢዎች የተነገረ ነው። ነጋዴው የሚደባልቀው ገዢው ስለማይጠይቀው ነው። ገዢው ለይቶ ካልጠየቀ፥ ነጋዴው ለይቶ አይከፍልም፤ ነጋዴው ለይቶ ካልከፈለ፥ ገበሬው ለይቶ አይቆርጥም፤ ከጌተሙም ልዩ ጥቅም ካላገኘ፥ ዛፉን ለጣውላ ወይም ለእርሻ ቦታ ቢቆርጠው የሚከለክለው ነገር ምን ይሆናል? ጌተም በአንድ ዓመት የሚተካ ዛፍ አይደለም። ከእርሱም ጋር የቡናው ጥላ ይጠፋል፤ የንቡ ማደሪያ ይጠፋል፤ የስሙም ትርጉም ይጠፋል። የስኮትላንድ ሰዎች የየሸለቆውን መጠጥ በየስሙ ስለ ጠሩት፥ ያ ስም ራሱ ሀብት ሆኖላቸዋል። የእኛም የመቱ፥ የጎሬ፥ የያዩ፥ የአልጌና የቡሬ ማር እያንዳንዱ በስሙ ቢጠራ፥ ለገበሬው ልጆች መማሪያ የሚሆን ዋጋ ባመጣ ነበር። አባቶቻችን «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ማለታቸው ለሻጩ ነበር፤ ገዢው ደግሞ ማር ሲገዛ ስለ ማር ይጠይቅ እንላለን።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት በሚቀጥለው ጊዜ ማር ሲገዛ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ከየትኛው አበባ ነው? በስንተኛው ወር ተቆረጠ? ከየትኛው ቀበሌ መጣ? መልሱንም በማሰሮው ላይ በወረቀት ጽፎ ይለጥፍ። ለልጆቹም ከየማሰሮው በጣት ጫፍ እያቀመሰ፥ «ይህ ጌተም ነው፤ ይህ ግራዋ ነው» ብሎ ያስተምር። የአገሩን ዛፎች በምላሱ ያወቀ ልጅ፥ ሲያድግ መጥረቢያ ከማንሣቱ በፊት ያስባል።

የቤተ ሰብ ጥንቃቄ

ከመፈጸማችን በፊት ለወላጆች የሚገባ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥ፤ ለማላስም ቢሆን። በማር ውስጥ አንዳንድ ጊዜ የሚገኝ ረቂቅ ተሕዋስ፥ ሆዱ ገና ባልጠና ሕፃን ውስጥ መርዝ አፍርቶ ሰውነቱን ሊያዝል፥ ትንፋሹንም ሊያውክ ይችላል። ማሩ ንጹሕ መሆኑ ከዚህ አያድንም። ከአንድ ዓመት በላይ ላሉት ልጆች ግን ይህ ሥጋት እጅግ አነስተኛ ነው።

ጠጅ ለልጆች፥ ለእርጉዝ ሴትና መኪና ለሚነዳ ሰው አይገባም። ለእነዚህ ብርዝ ይቅረብላቸው፤ ብርዙም በዕለቱ የተበጠበጠ ይሁን፤ ሲያድር መፍላት ይጀምራልና። ለቀረው ሰው ሁሉ ደግሞ ልክ አለው። ጣዕምን በእውነት የሚያውቅ ሰው ብዙ የሚጠጣው አይደለም፤ ይልቁንም በመጀመሪያው ብርሌ የሚፈልገውን ሁሉ አግኝቶ፥ ሁለተኛውን በጨዋታ የሚያቈየው ነው። ስካር ምላስን ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ ምላስም የጌተሙን ጠጅ ከስኳሩ ጠጅ አይለይም። እንዲያ ከሆነ ደግሞ ገበሬው ስለ ምን ከዛፍ ወጣ? እመቤቲቱስ ስለ ምን ጋኑን አጠነች?

«ብርሌ ከነቃ፥ አይሆንም ዕቃ» ይባላል፤ የቤትም ክብር እንደዚሁ ነው። መልካም ማር መርጦ፥ በልኩ ጠጅ ጥሎ፥ በልኩ የሚጠጣና የሚያጠጣ ቤት ግን ብርሌውም ክብሩም ሳይነቃ ይኖራል።